ከአማቴ ጋር ጎማ ስንመርጥ

እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። በሳምንት አምስት ቀን በስቶክሆልም ምዕራባዊ ሰፈሮች ሰው እጭናለሁ፣ ሰው አወርዳለሁ። ሥራዬን በደንብ ሠራሁ የሚባለው ተሳፋሪዎቼ እየተነዱ መሆናቸውን ሲረሱት ነው። የያዙት ቡና ካልተደፋ፣ የቆመችው አሮጊት ካልተንገዳገደች፣ ማንም ቀና ብሎ ካላየኝ ጎበዝ ሹፌር ነኝ ማለት ነው። እንዲህ ሆኜ አሥራ አንድ ዓመት ነድቻለሁ። እናም ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ሆዷ ከመሬት ሊጣበቅ የደረሰ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በዕድሜ እኩያዬ የሆነች አረንጓዴ የስፖርት መኪና ገዛሁ ስላቸው ጓደኞቼ ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ “ሚስትህ ምን አለች?”

ሚስቴ ያለችው ይህን ነው። “ሌላ ሴት ከምታመጣብኝ ይቺ ትሻላለች። ቢያንስ ውጭ ነው የምታድረው።”

መኪናዋን የሸጡልኝ ሜርስታ የሚኖሩ ስዊድናዊ ሽማግሌ ናቸው። ለምን እንደሚሸጧት ስጠይቃቸው በሩን ከፍተው ወንበሩን አሳዩኝ። “መግባቱስ ግድ የለም፣ መውጣት ነው ያቃተኝ። ባለፈው ጎረቤት ተጠርቶ ነው የወጣሁት” አሉ። ከዚያ ጎማዎቹን በጫማቸው ጫፍ ነካ ነካ አደረጉና “እነዚህ እንደ አዲስ ናቸው” አሉኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ጥቁረታቸው ያበራል። ደስ ብሎኝ ነድቻት ወደ ሰፈሬ ወደ ስፖንጋ መጣሁ።

እዚህ አገር ባንዳግ የሚባል ነገር አለ። በተዘጋ የመኪና መሮጫ ላይ፣ እግረኛ በሌለበት፣ መብራት በሌለበት፣ ማንም ሰው በገዛ መኪናው እንደልቡ የሚነዳበት ቀን ነው። ውድድር አይደለም፤ ዋንጫም የለው። እኔ ለዚያ ቀን ስል ነበር መኪናዋን የገዛሁት። ከስቶክሆልም ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ መሮጫ ላይ ተመዘገብኩና በመጀመሪያው ቅዳሜ ሄድኩ።

ሦስተኛው ዙር ላይ፣ ያን ያህል እንኳ ሳልፈጥን፣ ሰፊ የቀኝ መታጠፊያ ገባሁ። መሪውን አዞርኩ። መኪናዋ አልዞረችም። ትንሽ ጨመር አድርጌ አዞርኩ። ይሄኔ የኋላዋ “እኔ ልቅደም” ብሎ ወጣ፣ ሜዳው በፊቴ አንድ ሙሉ ዙር ዞረና ሣር መሀል ቆምኩ። ሞተሩ ጠፋ። ቅርብ ቦታ አንዲት ወፍ ትጮሃለች።

የዕለቱ አስተማሪ ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሴት ነበረች። (በስዊድንኛ አንቱታ ስለሌለ፣ በየጊዜው ስለምንገናኝም፣ በአማርኛም እሷ ማለት ለምዶብኝ ቀርቷል።) ሣሩን አቋርጣ መጣች፣ እኔን ደህና መሆኔን ጠየቀችና ከዚያ ለኔ ፊቷን እንኳ ሳትሰጥ ጎማው ሥር ተንበረከከች። በጎማው ጎን ላይ በትንሹ የተጻፉ አራት ቁጥሮችን በጣቷ አገኘች። የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው።

“ይህ ጎማ ከልጄ ይበልጣል” አለችኝ። “ልጄ ደግሞ ሁለት ልጆች ወልዳለች።”

“ግን ጥርሱ አዲስ ነው” አልኩ።

“ጥርሱ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ደርቋል። ሌላ ሳትገጥም እንዳትመለስ።” አሳዘንኳት መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ ሄደች።

እዚህ ላይ ስለ አማቴ መናገር አለብኝ። የሚስቴ አባት አዲስ አበባ አብነት አካባቢ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጎሚስታ ነበሩ። ሲተነፍስ የጠገኑት፣ ሲፈነዳ የለጠፉት፣ ከቸርኬ ያወለቁት ጎማ ቁጥሩን እሳቸውም አያውቁትም። የሚስቴ እናት ሲያርፉ ሚስቴ አባቷን አመጣቻቸው፤ ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። አብነት ላይ ከአራት አቅጣጫ ሹፌር የሚጠራቸው ሰውዬ፣ ስፖንጋ ላይ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው የቆሙ መኪናዎችን ይመለከታሉ።

“ያቺ ሰማያዊዋ የኋላ ግራዋ ነፋስ ጎድሏታል” ይሉኛል። “ሦስተኛ ቀኗ ነው። ለባለቤቷ ንገራት።”

“አባባ፣ ሴትዮዋን አላውቃትም እኮ።”

“እዚህ አገር የማያውቁት ሰው ጎማው ይለቅ ነው የሚባለው?”

ያን ቅዳሜ ስመለስ መኪናዋን በመስኮት አይተዋታል። ቸርኬዎቹ ላይ ሣር ተሰክቷል። ካፖርታቸውን በፒጃማቸው ላይ ደርበው ወረዱ። ጉልበታቸው እየተንቋቋ ቁጢጥ አሉ። የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ጎማው ላይ ተጫኑት፣ ጥፍራቸውን አዩት፣ ጣታቸውን አሸተቱት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

“ይሄ ጎማ አይደለም” አሉ። “ይሄ ጠረጴዛ ነው።”

አስተማሪዋ ቁጥር አንብባ የደረሰችበትን እሳቸው በጥፍር ደረሱበት። እኔን ግን የገረመኝ ፊታቸው ነው። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ በርቶ አላየሁትም። “መቼ ነው የምንገዛው?” አሉኝ። “የምንገዛው” ነው ያሉት፤ “የምትገዛው” አላሉም።

ቀጣዮቹን ሦስት ሳምንታት በማንበብ አሳለፍኩ። የመስመሬ መጨረሻ ሁስቢ ላይ ስምንት ደቂቃ ዕረፍት አለችኝ፤ በዚያች ስምንት ደቂቃ ስልኬ ላይ የጎማ ክርክር አነባለሁ። በዓለም ላይ ስንት ሰው ስለ ጎማ እንደሚጣላ አላውቅም ነበር። የአሮጌ መኪና ቸርኬ ትንሽ ስለሆነ ዛሬ የሚገኝለት ጎማ ጥቂት ነው፤ እኔም ሦስት ላይ ደረስኩ። አንደኛው በድሮ መልክ የተሠራ ነው፣ መኪናዋ እንደ ሙሽራ ታምርበታለች፣ ግን እንደ ድሮውም ያንሸራትታል። ሁለተኛው ደህና ዘመናዊ ጎማ ነው፣ ለዝናብም ለደረቅም የሚሆን፣ ማንም የማያወራለት። ሦስተኛው ለመሮጫ ታስቦ የተሠራ፣ ሲሞቅ እንደ ሙጫ የሚለጠፍ፣ ግን በመንገድ ላይም እንዲነዳ የተፈቀደ ነው። ሕጉ የሚጠይቀውን ጥርስ ያህል ሁለት ሦስት ጭረት አስቀምጠውበታል። ቤሲክትኒንግ፣ ማለትም የመኪና ምርመራው፣ ያሳልፈዋል። መርማሪው ግን ቅንድቡን ያነሣል።

ስፖንጋ ዳር ወዳለ የጎማ ቤት አማቴን ይዤ ሄድኩ። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣ ደፍተው ነው የመጡት። ባለቤቱ ጢሙን እንደ ሹሩባ የጎነጎነ ግዙፍ ስዊድናዊ ነው። ሦስቱንም ጎማ አወጣልን። አማቴ ሦስተኛውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

“ይሄን እኔ አብነት ሆኜ ከሰው መኪና ላይ አውልቄ ጥዬዋለሁ! ያለቀ ጎማ አዲስ ነው ብሎ ይሸጣል? አያፍርም ወይ በለው።”

እኔም ወደ ስዊድንኛ መለስኩት። “አማቴ በዝናብ እንዴት ነው ይላሉ።”

“በዝናብ?” አለ ባለጢሙ። “በዝናብ ጊዜማ ቤት መቀመጥ ነው።”

ይህንን ሳላስተካክል ለአማቴ ነገርኳቸው። ሳቁ፣ ሰውየውንም በዚያው ወደዱት። ጥፍራቸውን ሦስቱም ላይ ተጫኑ፣ ሦስቱንም አሸተቱ። ባለጢሙ ይህን ሲያይ መብራት አበራላቸው። ከዚያ አማቴ ወደኔ ዞረው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያነበብኩት ክርክር ውስጥ ማንም ያላነሣውን ጥያቄ ጠየቁኝ።

“ወደዚያ ወደምትሮጥበት በምንድነው የምትሄደው?”

“በዚችው በመኪናዋ።”

“ስትመለስስ?”

“በዚችው።”

“እዚያ ስንት ሰዓት ትሮጣለህ?”

“ተደምሮ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው።”

“እንግዲህ አራት ሰዓት መንገድ፣ አንድ ሰዓት ጨዋታ” አሉና እጃቸውን ሁለተኛው፣ ማንም የማያወራለት ጎማ ላይ አሳረፉ። “ይሄ ነው።”

“ላስብበት” አልኩ። ዋሸሁ። አስቤ ጨርሻለሁ። አንድ የማላውቀው ሰው “በዚህ ጎማ ስትታጠፍ መንገዱ እጅህን ይይዝሃል” ብሎ ጽፎ አንብቤ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ጭንቅላቴ አልገባ አለ። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ብቻዬን ተመልሼ ሦስተኛውን አዘዝኩ። ሲደርስ ፎሮድ ውስጥ፣ የሕንፃችን ምድር ቤት ባለችው ዕቃ ማስቀመጫችን፣ ከክረምት ልብስ ጀርባ ደበቅኩት።

ሚስቴ ሻንጣ ልታወጣ ወርዳ አራቱንም ጎማዎች አገኘቻቸው። ስትመለስ አልተቆጣችም። ይሄ ነው ያስፈራኝ። “አራት እንግዳ መጥቶልናል፣ ካፖርቴን ጎማ ጎማ አሽትተውታል” አለች። “ለአባዬ እኔ አልነግርም። አንተ ትነግራቸዋለህ፣ እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ።”

ነገርኳቸው። እሷም ቃሏን ጠብቃ ሶፋው ላይ ቁጭ ብላ አየች።

“ገዛህ?” አሉ አማቴ።

“ገዛሁ፣ አባባ።”

“እሺ” አሉ። “እኔም እሄዳለሁ። የገዛኸው ሲሠራ ማየት አለብኝ።”

ሁለተኛው ባንዳግ ላይ ጠዋቱ ፀሐይ ነበር፣ አስፋልቱም ደረቅ። አማቴ ዳር ላይ ታጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔ ገባሁ። ሁለት ዙር ጎማው እስኪሞቅ በዝግታ ሄድኩ። ከዚያ ያ ሰውዬ የጻፈው እውነት ሆነ። ባለፈው ወደ ሣር የወረወረኝን መታጠፊያ በእጥፍ ፍጥነት ገባሁበትና መኪናዋ አስፋልቱን ነክሳ ያዘች። ብቻዬን ጮህኩ። አውቶቡስ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያልጮህኩትን ሁሉ ጮህኩ።

አምስተኛው ዙር ላይ፣ እዚያው መታጠፊያ መሀል፣ ከመሪው ኋላ ቀይ መብራት በራ። የሞተር ዘይት ግፊት ሲያንስ የሚበራው ነው። መንገዱ ሲቃና ጠፋ። ስድስተኛው ዙር ላይ እዚያው ቦታ እንደገና በራ። ወጥቼ ቆምኩና አስተማሪዋን ጠራኋት። ኮፈኑን እንኳ አልከፈተችም።

“ስትታጠፍ ዘይቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ፓምፑ የሚስበው ያጣል” አለች። “ይህቺን መኪና የሠሯት ሰዎች እንዲህ የሚይዝ ጎማ ይመጣል ብለው አላሰቡም። ወይ የዘይት መያዣውን አሠራላት፣ ወይ ቀስ በል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኩሽኔታው ይከተላል፣ ከዚያ ፍሬኑ።”

ለአማቴ ተረጎምኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። “ለመኪናህ ጎማ ገዛህ፣ አሁን ደግሞ ለጎማህ መኪና ልትገዛለት ነው።”

የቀረውን ሰዓት ያን መታጠፊያ እየፈራሁ ነዳሁ። ከሰዓት በኋላ፣ ጓዛችንን ሸክፈን አውራ ጎዳናው ላይ እንደወጣን፣ ዝናቡ መጣ።

ጭረት ብቻ ያለው ጎማ ውኃ የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። ሰማንያ ላይ መሪው ባዶ ሆነ፤ መንገዱን ሳይሆን ውኃውን እየነዳሁ ነበር። ሰባ ላይም ያው ነው። ስልሳ ላይ ትንሽ ተሻለ። በስልሳ፣ በቀኝ ጥግ፣ የአደጋ መብራት አብርቼ መሄድ ጀመርኩ። የጨርቅ ጣሪያው በአማቴ በኩል ያፈሳል፤ እሳቸው መሀረባቸውን አውጥተው ቀዳዳው ላይ ደግፈው ያዙ። የጭነት መኪና አለፈን። ጀልባ የሚጎትት የቤት መኪና አለፈን። ከዚያ አንድ አውቶቡስ አጠገባችን መጣ። ጡረተኞችን ሽርሽር ወስዶ የሚመልስ ነው። እነሱ ከላይ፣ እኛ ከታች፤ ሁሉም በመስኮት ወደ ታች እያዩን፣ አንዲት ሴትዮ እጇን እያውለበለበችልን፣ አንዱ ፎቶ እያነሣን፣ ቀስ ብሎ አለፈ። ሹፌሩ እንደ ሙያ ጓደኛ ጡሩምባ ነካልኝ። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር መሆኔን ከየት አውቆ ነው? እስካሁን ያሳስበኛል።

አማቴ መሀረባቸውን ጨምቀው መልሰው ደገፉት። በሦስት ሰዓት ተኩል ጉዞ ውስጥ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው።

“ጥሩ ጎማ አለው፣ አውቶቡሱ።”

በሳምንቱ ወደ ባለጢሙ ተመለስን። የሚለጠፉትን ጎማዎች መኪናውን በተጎታች ጭኖ ወደ መሮጫ ለሚወስድ አንድ ደንበኛው ሊሸጥ ተረከበን፤ ለእንዲህ ያለ ሰው ልክ ናቸው። እኛ ማንም የማያወራለትን ወሰድን። ሊገጥም ሲል ግን፣ የሚለጠፉትን ሌላ ጋራዥ በማሽን ያስገጠምኩባቸውን ቸርኬዎች አገላብጦ ጭረት አየባቸውና ፊቱን አጨፈገገ። ማሽኑ ይጭራቸዋል፣ አሮጌና ስስ ናቸው፣ ቢሰበሩ ምትክ የላቸውም አለ።

“ምን አለ?” አሉ አማቴ። ነገርኳቸው። ባርኔጣቸውን ለኔ ሰጡኝ። ካፖርታቸውን፣ ኮታቸውን አወለቁ፤ ክራቫታቸውን በሸሚዛቸው ቁልፎች መሀል ሰክተው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

“ሁለት የጎማ ብረት፣ የሳሙና ውኃ፣ ጨርቅ በለው።”

ባለጢሙ እኔን አየኝ። እኔ ትከሻዬን ነቀነቅኩ። ብረቶቹን ከአንድ መሳቢያ ሥር አቧራ አራግፎ አወጣቸው። አማቴ ጨርቁን ብረቱ ጫፍ ላይ ጠመጠሙ፣ ጠርዙን በሳሙና ቀቡ፣ በአንድ ጉልበታቸው ጎማውን ተጫኑት። ከዚያ ያየሁት ነገር ኃይል የሚባል አይደለም። ጎማው ራሱ መግባት የፈለገ ነው የሚመስለው። ቸርኬው ላይ አንድ አዲስ ጭረት የለም። ባለጢሙ ጎንበስ ብሎ ዙሪያውን አየ፣ ቀና አለ፣ ሁለተኛውን ጎማ አንከባሎ አመጣላቸው። አራተኛው ሲያልቅ ሌሎቹ ሠራተኞች ሥራቸውን ትተው ቆመው ነበር። አማቴ ላባቸውን ጠርገው በስዊድንኛ “ዴክ” አሉ፣ ጎማ ማለት ነው፤ አውራ ጣታቸውንም አነሡ። ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸውም።

ሦስተኛው ባንዳግ ላይ ከበፊቱ ይልቅ ዘገምተኛ ነበርኩ፤ ሰዓቱ ይመሰክራል። ቀዩ መብራት ግን አልበራም። ደግሞ ይህ ጎማ ይናገራል። ሊለቅ ሲል አስቀድሞ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይጮሃል፣ ከዚያ የኋላዋ ቀስ ብሎ ይወጣል፤ አንተም በመሪ ቀስ ብለህ ትመልሳታለህ። ያኛው ጎማ ዝም ብሎ ይዞ ዝም ብሎ የሚለቅ ነበር። በዚህኛው ስነዳ ሳቄ አልቆም አለ።

ስወጣ አማቴ ጠበቁኝ። መዳፋቸውን ጎማው ላይ ከመሀል ወደ ጠርዝ አንሸራተቱ። “መሀሉ ይፋጃል፣ ጠርዙ ለብ ብሏል። ነፋስ በዝቶበታል።” አጠገባችን የቆመ አንድ ስዊድናዊ የሙቀት መለኪያ ነበረውና ለካልን። እንዳሉት ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው? እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው በየመኪናው እየዞሩ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፤ እኔ እየተከተልኩ እተረጉማለሁ። አንዱን ግን ተሳሳቱ። የኤሌክትሪክ መኪና ያለውን ሰውዬ ነፋስ ቀንስ አሉት፤ ሰውዬው መኪናው በጣም ከባድ ስለሆነ ያን ያህል ነፋስ የግድ ነው ብሎ መጽሐፉን አውጥቶ አሳየን። አማቴ መጽሐፉን አዩ፣ መኪናውን አዩ። “ሞተሩ የት አለ?” አሉ። የነዳጅ ሞተር የለውም ሲባሉ “እንግዲህ ይሄን አላውቅበትም” ብለው አለፉ።

ከሰዓት በኋላ ተሳፋሪ ይዞ መንዳት ይፈቀዳል። “ይግቡ፣ አባባ” አልኳቸው፤ እምቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ባርኔጣቸውን ለአስተማሪዋ ሰጧት፣ ሄልሜት አጠለቀችላቸው፣ ባርኔጣውን ራሷ ደፋችው። የመጀመሪያውን ዙር በሁለት እጃቸው በሩን ይዘው፣ ወደፊት ብቻ እያዩ ጨረሱት። ሁለተኛው ላይ፣ ያ የቀኝ መታጠፊያ መሀል፣ እጄን ያዝ አደረጉ።

“ስማ! ስማው!” ብለው ጮኹ። “የፊት ግራው ነው የሚያወራው!”

ልክ ነበሩ። ሦስተኛው ዙር ላይ እሳቸው እየጮሁ፣ እኔ እየሳቅኩ፣ ጎማው እያጉረመረመ ዞርን። ስንቆም ሄልሜቱን አላወለቁም።

“ሠላሳ ስምንት ዓመት” አሉ። “እኔ ጋ የሚመጣው ከተወጋ፣ ከፈነዳ በኋላ ነው። ሲሮጥ አብሬው ሆኜ አላውቅም ነበር።”

“አንድ ዙር ይጨመር?” አልኳቸው።

“ሁለት” አሉ።

ስንመለስ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አውራ ጎዳናው ላይ ዘጠና እየሄድኩ ሚስቴ ደወለች። ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈትኩት። እንዴት እንደዋልን ጠየቀችኝና በመሀል አቋረጠችኝ።

“ምንድነው እሱ የሚያጓራው? መኪናዋ ተበላሸች እንዴ?”

“አባትሽ ናቸው። እንቅልፍ ወስዷቸዋል።”

እሳቸው አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያንኮራፋሉ።

“አትዝጋው” አለች። “እዚህ ከመጡ እንዲህ ሲያንኮራፉ ሰምቼ አላውቅም። ሌሊቱን ሁሉ ሲገላበጡ ነው የምሰማው። ትንሽ ልስማቸው።”

ስልኩን በሁለታችን ወንበር መሀል፣ ማርሹ አጠገብ አስቀመጥኩላት።